ዘጠኝ ዲግሪ ያዘነበለው ድልድይ

ቤንጋሉሩ፣ ጁን 11

ለተከበሩ ፑንኮዲ አካ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤና፣ የአባትዎን ጤና፣ የሄሉን ተክል ጤና እጠይቃለሁ። ቀጥዬም ይቅርታ እጠይቃለሁ። ባለፈው ደብዳቤዎ «አካ፣ ታላቅ እህት፣ ብለሽ ስትጠሪኝ ኖረሽ፣ ሞተሽ እንደሆነ ቢያንስ በፖስታ ካርድ አሳውቂኝ» ብለውኛል። አልሞትኩም። ከዚያ የባሰ ነው የደረሰብኝ፤ ተሳክቶልኛል።

ስለ ሰር ጠይቀዋል። ደህና ናቸው። እርስዎ የማሽኑን ክፍል ለቀው ወደ ተራራዎ ከሄዱ ወዲህ ፕሮፌሰር ናንጁንዳያ ሁለት ነገር ጨምረዋል፤ ክብደትና ጥቅስ። የቤተ ሙከራው በር ላይ «ቀጥ ያለ ሥዕል የቀጥተኛ አእምሮ ፍሬ ነው» የሚል ሰሌዳ አሰቅለዋል። ሰሌዳው ራሱ ትንሽ ዘመም ብሏል፤ የሚነግራቸው ግን አልተገኘም።

ወደ ስኬቴ ልመለስ። አራት ዓመት ሙሉ እያቀዘቀዝኩ በጨረር በስሱ የምልጠውን የወባ ተውሳክ ያስታውሱታል። በሁለቱ ሽፋኖቹ መካከል ድልድይ አገኘሁ! በአንዱ ብቻ አይደለም፤ ባየሁት ተውሳክ ሁሉ ውስጥ አለ። እስከ ዛሬ ማንም አላየውም። ሰር ሥዕሉን ሲያዩ ከወንበራቸው ተነሡ፤ ይህ የሚሆነው ለምሳና ለሚኒስትር ብቻ እንደሆነ ያውቃሉ። ወዲያው በሟች መምህራቸው ስም ስም አወጡለት። ኦገስት ላይ ፑኔ በሚደረገው ጉባኤ እኔ እንድናገር ተመዝግቤያለሁ። ጉባኤው ድልድዩን ከተቀበለው የዶክትሬት ማዕረጌ አለቀ ማለት ነው፤ ካልተቀበለው ደግሞ አራት ዓመቴ አለቀ ማለት ነው። መድኃኒት ቀማሚዎችም ከወዲሁ መጠያየቅ ጀምረዋል፤ ሰር «መድኃኒቱ በዚህ ድልድይ ላይ ይሻገራል» ብለዋቸዋል።

እናቴ በደስታ ዘመድ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርታ አበላች። አጎቴ ጋንጋዳራ፣ ዕድሜያቸውን በፍርድ ቤት ጸሐፊነት የፈጁት፣ በእርጎ የተለወሰ ሩዛቸውን እየጠቀለሉ ያፋጥጡኝ ጀመር።

«እስቲ ንገሪኝ፤ ይሄ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የምትሉት ምን ያያል?»

«የቀዘቀዘ ስስ ቁራጭ ያያል፣ አጎቴ። ቁራጩን በአንድ በኩል እስከ ስልሳ ዲግሪ፣ በሌላውም በኩል እስከ ስልሳ እያዘነበልን ፎቶ እናነሣዋለን። ከዚያ ፎቶዎቹን ገጣጥመን ሙሉ ቅርፁን እናወጣለን።»

«ታዲያ ለምን እስከ ዘጠና አታዘነብሉትም?»

«ከስልሳ ሲያልፍ ጨረሩ የሚያቋርጠው ውፍረት ይበዛል፤ ምንም አይታይም። ስለዚህ እንደ ሽብልቅ ያለ ጎዶሎ ይቀራል።»

«ጎዶሎውንስ?»

«ፕሮግራም ይሞላዋል።»

«አይቶ?»

«ገምቶ። ከታየው ተምሮ።»

አጎቴ ጣታቸውን ላሱ። «እንዲህ ያለውን ምስክር አሳምሬ አውቀዋለሁ» አሉ። «ያላየውን ሲነግርሽ ካየው ይልቅ ያሳምረዋል።»

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሥዕሉን አያይዤዋለሁ፤ አይተው ይደሰቱልኝ።

ታናሽ እህትዎ ቬዳቫቲ

*

የቦዲ ተራሮች፣ ጁን 22

ለቬዳ፣

እንኳንም አልሞትሽ። ደብዳቤሽ በአውቶቡስ ሹፌሩ እጅ፣ ከአንድ ቅርጫት የደረቀ ዓሣ ጋር ተጉዞ ደርሶኛል፤ ግኝትሽ ትንሽ ይሸታል። በጀርባው «ስልክዎ ምን ነካው?» ብለሽ ጽፈሻል። ዝናቡ እንደገባ የኔትወርኩ ማማ ላይ ዛፍ ወደቀ። ዛፉን የሚያነሣው መሥሪያ ቤትና ማማውን የሚጠግነው መሥሪያ ቤት ማን ይቅደም በሚለው ላይ እየተጻጻፉ ነው፤ እንደኛው፣ በደብዳቤ።

የአባቴ ግራ እጅ አሁንም አልታዘዝ ብሏል፤ ምላሳቸው ግን የሁለቱንም እጅ ሥራ ይሠራል። ሄሉ እየተለቀመ ነው።

እንድደሰት አዘሽኛል። ሥዕሉን ይዤ ሄሉ ወደሚደርቅበት ክፍል ገባሁ፤ መስኮቱ ዘንድ ቆሜም ልደሰት ሞከርኩ። ቬዳ፣ እነዚህ ድልድዮች ሁሉ ለምንድነው ወደ አንድ ወገን የሚያዘነብሉት? ተውሳክ እኮ በረዶው ውስጥ እንዳሻው ነው የሚተኛው፤ አንዱ በጎኑ፣ አንዱ በጀርባው፣ አንዱ በአፍጢሙ። ድልድዩ ግን በሁሉም ዘንድ ወደ ቀኝ ያጎነብሳል። የወባ ተውሳክ በሙሉ የአንድ ፓርቲ አባል ካልሆነ በቀር ይህ አይሆንም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ አትቆጪ። የምትልጪበት ጨረር በጠፍጣፋው መግባት ስለማይችል ቁራጩን በሰያፍ ነው የምታወጪው። ስለዚህ ማሽኑ ውስጥ ሲገባ ገና ከጅምሩ ዘጠኝ ዲግሪ ያህል እንዳዘነበለ ነው። ማሽኑ «ስልሳ በዚህ፣ ስልሳ በዚያ» ሲልሽ የሚያወራው ስለ ራሱ ጠረጴዛ ነው። ለቁራጩ ግን በአንዱ በኩል ሃምሳ አንድ፣ በሌላው በኩል ስልሳ ዘጠኝ ሆኗል። ጎዶሎውም አብሮ ያዘነብላል። አንቺ ሥዕሉን ቀጥ አድርገሽ አስተኝተሽዋል፤ ሰር ዘማማ ሥዕል እንደማይወዱ አውቃለሁ። እሺ ይሁን። ጎዶሎውን ለሚሞላው ፕሮግራምስ? የትኛውን ማዕዘን ነገርሽው?

እንዲህ አስቢው። አንድ ሰው ጥርስ ሐኪም ዘንድ አንገቱን አዘንብሎ ተቀምጧል። ሐኪሙ አፉን አያይም፤ በካርታ ነው የሚሠራው። ካርታው ደግሞ የተሣለው ሰውዬው አንገቱን ቀና አድርጓል ተብሎ ነው። ታዲያ ሐኪሙ ደህናውን ጥርስ ይለብጥና ጎዶሎውን እንዳለ ይተወዋል። ሰውዬውም ያበጠ ጉንጩን ይዞ «አዲስ አጥንት አበቀልኩ» ሊል ፑኔ ይሄዳል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ቁራጩ ያለበትን ቀለበት ግማሽ ዙር አዙረሽ አስገቢው። ያን ጊዜ ዘጠኙ ዲግሪ በተቃራኒው ይሆናል። ድልድዩ እውነተኛ ከሆነ እያንዳንዱ ተውሳክ እንደተኛበት ይቆማል እንጂ የቀለበቱን ዙር አይጠብቅም። የጎዶሎው ልጅ ከሆነ ግን አባቱን ተከትሎ ይዞራል።

ሌላም የምነግርሽ ነገር ነበረኝ፤ ይቆይ።

ፑንኮዲ

*

ቤንጋሉሩ፣ ጁላይ 4

ለተከበሩ አካ፣

«መልሱ የዘገየው በሥራ ብዛት ነው» ብዬ ልጽፍ ነበር። ውሸት ነው፤ ተቆጥቼ ነበር። ደብዳቤዎን ያነበብኩ ዕለት እራት አልበላሁም። እናቴ ፍቅር የያዘኝ መስሏት የልጁን ወገን ማጣራት ጀምራለች።

የጥያቄዎ መልስ ይኸው፦ አልነገርኩትም። ለፕሮግራሙ የሰጠሁት ማሽኑ የሚለውን ነው፤ ስልሳና ስልሳ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው አሠራር እንዲያ ይላል፤ ሁላችንም እንዲያው እናደርጋለን። ሥዕሉን አቀናነው፤ ማዕዘኖቹን ግን በነበሩበት ተውናቸው።

«ከእናንተ መካከል ቀለበቱን በተቃራኒው ያስገባ አንድ ሰው እንኳ ጠፋ?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ጠፋ። እርስዎ ከሄዱ በኋላ የወጣ ሕግ አለ። ሰር ቤት ወደየት ቢዞር እንደሚቀና የሚያውቁ አንድ ሽማግሌ አስመጡ። ሽማግሌው ማሽኑን ዞር ዞር ብለው አዩና «በረከት የሚገባው ከምሥራቅ ነው» ብለው፣ ኮኮናት ሰብረው ሄዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀለበቱ ላይ ያለችው ምልክት ፊቷን ወደ ምሥራቅ ሳታዞር ገብታ አታውቅም። ድልድዩ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን የሚያጎነብሰውም ለዚሁ ነው። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስለሆነም አመንነው።

ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰውን ናጌሽን ለመንኩት። ናጌሽ ቀለበት ሲያስገባ ጫማውን ያወልቃል።

«ናጌሽ፣ ምልክቷን ወደ ምዕራብ አዙርልኝ።»

«ወደ ምዕራብ? አንቺ ልጅ፣ ጤና የለሽም?»

«ሙከራ ነው።»

«ባለፈው ወደ ሰሜን ትንሽ ዘንበል ስላለች ብቻ ማቀዝቀዣው ተበላሸ።»

«ማቀዝቀዣው የተበላሸው አይጥ ገመዱን በልታው ነው!»

«አይጧንስ ማን ላካት?»

ሳይንስ ወሰን አለው። በቀጥታ ወደ ሰር ሄድኩ።

«ሰር፣ አንድ ቀለበት አዙሬ ላስገባ።»

«ለምን ሲባል?»

«ድልድዩ ከማዕዘን ስህተት የመጣ እንዳይሆን።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ቬዳቫቲ፣ ሰው ልጅ ሲወለድለት ጣፋጭ ያድላል እንጂ የማን ነው ብሎ አይጠይቅም።»

«የሚጠይቅም አለ፣ ሰር።»

ኮርኒሱን አዩ። በመጨረሻ «አንድ ቀለበት። ኮከብ ቆጣሪዎች ክፉ በሚሉት በራሁ ሰዓት ግን እንዳይሆን» አሉ። ቀጠሮው ለመጪው ሳምንት ነው፤ ሰዓቱን የሚመርጠው ናጌሽ ነው።

ቬዳቫቲ

*

ቤንጋሉሩ፣ ጁላይ 19

ለተከበሩ አካ፣

አጭሩ ደብዳቤዎ ደርሶኛል፤ ጥያቄዎችዎን በየተራ ልመልስ። አዎ፣ አልቅሻለሁ። አይ፣ ማንም አላየኝም፤ የፈሳሽ ናይትሮጅን ጭጋግ ለልቅሶ ይመቻል። አዎ፣ በልቻለሁ። አራተኛው ጥያቄዎ «ዞረ ወይ?» የሚል ነው።

ዞረ፣ አካ።

አንደኛውን ቁራጭ እንደ ልማዳችን ወደ ምሥራቅ አድርገን አነሣነው። ከዚያ ቀለበቱን አዙረን ጎረቤቱን ቁራጭ አነሣነው። በመጀመሪያው ድልድዩ ወደ ቀኝ አጎነበሰ፤ በሁለተኛው ወደ ግራ። ልክ እንደ ባልደረቦቻችን፤ አለቃ ወደዞረበት ይዞራል።

ከዚያ በአጭሩ ደብዳቤዎ ያዘዙኝን አደረግሁ። በመጀመሪያ ያዘነበለውን ዘጠኝ ዲግሪ ከማዕዘኖቹ ላይ አረምኩ። ለፕሮግራሙም ጎዶሎው በእውነት የት እንዳለ ነገርኩት። «አሁን ሙላ» ያልኩት ከዚያ በኋላ ነው። ሞላ። ድልድይ የለም። ሁለት ሽፋኖች አሉ፤ በመካከላቸው ባዶ።

ለሰር በመጀመሪያ ሁለቱን ድልድዮች ጎን ለጎን አሳየኋቸው።

«ቀኝ… ግራ… ቀኝ…» አሉ። ፊታቸው ቀስ እያለ ሲበራ አየሁ፤ ያኔ ነው የፈራሁት። «ቬዳቫቲ! ይንቀሳቀሳል!»

«ምኑ፣ ሰር?»

«ድልድዩ ነዋ! ተንቀሳቃሽ ድልድይ ነው!»

«ሰር፣ የተንቀሳቀሰው ናጌሽ ነው።»

የሰማኝ የለም። ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበ፤ የምሥራቹን ሳይሰማ ያጨበጨበም ነበር። ጣፋጭ መጣ። የጉባኤው ርእስ በዚያው ሰዓት «ተንቀሳቃሹ ድልድይ» ተብሎ ተላከ። ናጌሽ ብቻ ጥጉን ይዞ «እኔ ቀድሞም ወደ ምዕራብ አይሆንም ብዬ ነበር» ይላል።

ሕዝቡ ሲበተን ሦስተኛውን ሥዕል፣ ባዶውን፣ አወጣሁ። ሰር ረጅም ጊዜ አዩት። የገባቸው ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ተነሥተው በሩን ዘጉት።

«ለባዶ ማዕረግ አይሰጥም» አሉኝ። «ይህንን ፑኔ ላይ ካሳየሽ ፊርማዬን አትጠብቂ።»

ፑኔ ላይ አሳየዋለሁ። ምክር እየጠየቅሁዎት አይደለም፤ እያሳወቅኩዎት ነው። የወባ መድኃኒት ለማግኘት የሚለፉ ሰዎች በሌለ ድልድይ ላይ መንገድ ሊጠርጉ ነው፤ ድልድዩን የሠራሁት ደግሞ እኔ ነኝ፤ ባለማወቅ። አውቄ ከዚህ በላይ አላቆመውም።

አንድ ነገር ግን እለምንዎታለሁ። በጁን ደብዳቤዎ «ይቆይ» ያሉት ነገር በቂ ቆይቷል።

ቬዳቫቲ

*

የቦዲ ተራሮች፣ ጁላይ 28

ለቬዳ፣

የቆየው ይኸውልሽ። ያንቺ ሥዕል የደረሰኝ ሰሞን የሰርም ደብዳቤ ደርሶኝ ነበር፤ በአንዱ አውቶቡስ፣ በአንዱ ቅርጫት። የማሽኑ ክፍል ኃላፊ ሆኜ እንድመለስ ጋበዙኝ፤ በዚያውም ድልድዩን በባለሙያነቴ እንዳጸድቅ። ሁለተኛው ደብዳቤ ባለፈው ሳምንት መጣ፤ እሱ ይበልጥ ያምራል። «ልጅቷ እንደ እህት ስለምታይሽ፣ ወጣትነት ከሚያስከትለው የመጠራጠር ትኩሳት እንድትድን ብትመክሪያት፣ ወንበርሽ አቧራው ተጠርጎ ይጠብቅሻል» ይላል።

ለምን ደበቅሽኝ አትበዪኝ። ብነግርሽ ኖሮ ቀለበቱን ስታዞሪ እጅሽ የእኔን እንጀራ ያስብ ነበር። እንዲያ ያለ እጅ ደግሞ ይንቀጠቀጣል።

«ታዲያ መመለስ አይፈልጉም?» ትይኛለሽ። እፈልጋለሁ። ሄል መልካም ፍጥረት ነው፤ ጨዋታ ግን አያውቅም። ለሰር የመለስኩት እንዲህ ብዬ ነው፦ «ክፍሉን እወደዋለሁ፤ ድልድዩን አላውቀውም። ልጅቷን ስለመከርኳት አይስጉ፤ ሥራውን ጨርሺው ብያታለሁ።»

እንግዲህ ጨርሺው። በሁለት ቁራጭ ፑኔ አይኬድም፤ ገና ወንበር ላይ ሳትቀመጪ ይበሉሻል። ያለሽን ቁራጭ ሁሉ እንደገና ሥሪ። ዘጠኝን እንደ ጸሎት አትድገሚው፤ ሰባትም ያዘነበለ አለ፣ አሥራ አንድም። እያንዳንዱን ከራሱ ከቁራጩ ለኪ። ማዕዘኑን አርሚ፤ ከዚያ በኋላ ሙዪ። ቅደም ተከተሉን ማንም እንዳያስለውጥሽ፤ ናጌሽም፣ ሽማግሌውም።

ሌላም ልንገርሽ። ባዶ ነው ማለት ለማንም ይቀላል፤ ዓይኑን የጨፈነ ሁሉ ይለዋል። «ፕሮግራምሽ ዕውር ሆኖ ነው» እንዳይሉሽ፣ እዚያው ሽፋን ላይ መኖራቸው ከድሮ የታወቀውን ቀዳዳዎች ተመልከቺ። ከእርማቱ በኋላ ቀዳዳዎቹ ጠርተው ታይተው ድልድዩ ብቻ ከጠፋ፣ ማየት አቃተሽ የሚልሽ የለም። እነሱም ከደበዘዙ ግን ዝም ብለሽ ተመለሽ፤ ያን ጊዜ የተሳሳትነው አንቺና እኔ ነን።

አባቴ ደብዳቤሽን አስነብበውኝ «ይህች ልጅ ምን ፍለጋ ነው እንዲህ የምትለፋው?» አሉ። ባዶ መሆኑን ልታሳይ ነው አልኳቸው። «አራት ዓመት? የእኔን ኪስ ብትፈትሽ በአንድ ቀን ትመረቅ ነበር» አሉሽ።

ፑንኮዲ

*

ፑኔ፣ ኦገስት 17

ለተከበሩ አካ፣

መጨረሻውን አስቀድሜ ልንገርዎት፤ ልብዎ እንዳይሰቀል። ማዕረጌ በአንድ ዓመት ተራዝሟል። ሰር ዛሬ ቁርስ ላይ ኢድሊያቸውን፣ በእንፋሎት የበሰለውን የሩዝ ቂጣ፣ እየቆረሱ ነገሩኝ። «ሁሉም ቁራጭ እንደ አዲስ፣ ከመጀመሪያው» አሉ። ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ እሺ አልኩ፤ ትንሽ እንድለምናቸው ጠብቀው ነበር መሰለኝ፣ ቅር አላቸው። ስለ እርስዎ ወንበር አንሥቼባቸው ነበር። ስምዎን ሲሰሙ ሳል ይይዛቸዋል። አልካዱም፣ አላጸደቁም። ከዚህ በላይ የማውቀው የለኝም፤ ኖሮኝም አልደበቅሁም።

ወደ ትናንቱ አዳራሽ ልግባ። በመርሐ ግብሩ ላይ ስሜ ሥር «ተንቀሳቃሹ ድልድይ» ተብሎ ታትሟል። ሰር «ከቀየርሽው አዳራሹ ውስጥ አልገኝም» ብለው ነበር፤ ተገኙ፤ ያውም ከፊት ረድፍ፣ እጃቸውን አጣጥፈው።

ወደ ቀኝ ያጎነበሰውን አሳየሁ፤ ሰው ራሱን ነቀነቀ። ወደ ግራ ያጎነበሰውን አሳየሁ፤ አንዳንዱ ፈገግ አለ። ቁራጩ እንዴት እንዳዘነበለ፣ ማዕዘኖቹን ሳናርም እንዴት እንደሞላን ተናገርኩ። ከዚያ የታረመውን አሳየሁ። ቀጥሎ ከአዳራሹ ጥግ እስከ ጥግ የኮምፒውተር ክዳን ሲከፈት ተሰማ። ከኋላ ረድፍ ሁለት ሰዎች ሲንሾካሾኩ ማይክሮፎኑ ያዛቸው።

«ያንተ ቁራጭ ስንት ያዘነብል ነበር?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ስልሳና ስልሳ ነው የሰጠሁት።»

«ጉድ ፈላ! ያሳተምነውስ?»

«ዝም በል፣ ይሰማል!»

ተሰማ።

ከኮልካታ የመጡ ዶክተር ኒሩፖማ የሚባሉ አዛውንት አሉ፤ ወባን ሰር ሳይወለዱ ጀምሮ የሚያጠኑ ነው የሚባልላቸው። ሲነሡ አዳራሹ አብሮ ሊነሣ ምንም አልቀረው።

«ቀዳዳዎቹስ፣ ልጄ?» አሉኝ።

«አሉ፣ ማዳም። ከእርማቱ በኋላ ይበልጥ ጠርተዋል። በሁሉም ቁራጭ ለክቼዋለሁ።»

«ድልድዩስ?»

«የለም።»

«በማናቸውም?»

«በማናቸውም።»

ወደ ሰር አንድ ጊዜ፣ ወደ እኔ አንድ ጊዜ አዩ። «እንግዲህ እዚህ የተቀመጥነው ግኝት ልንሰማ ነበር። ሄደን ልጅቷ ምን አገኘች እንበል?»

ሰር እጃቸውን ፈትተው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ውሃው እሳቸው ፊት ነው ያለው። ሳልጠጣ መለስኩ።

«ማዳም፣ በአራት ዓመት ከሠራሁት ሁሉ፣ ወደ ምሥራቅም ወደ ምዕራብም አዙሬው ያልዞረብኝ ይህ ባዶ ብቻ ነው።»

ዶክተር ኒሩፖማ ተቀመጡ፤ ከጎናቸው ካለው ሰው እስክሪብቶ ተቀብለውም ጻፉት።

ቬዳቫቲ